ባለመርፌዋና ጠባቡ እጅጌ

የምሥራች! ተመረጠች! ደብዳቤው ዛሬ ጠዋት ደረሰ፤ ማኅተሙ ድምቅ ብሎ፣ ፊርማው ተጠማዝዞ፣ ከላይ እስከ ታች አንድ ስርዝ የለበትም። ማን ተመረጠች ብትሉኝ እነግራችኋለሁ፤ ግን አሁኑኑ ብነግራችሁ "ጎሽ፣ እንኳን ደስ ያላት" ብላችሁ ልታልፉት ነው። ይህ ደግሞ እንዲሁ የሚታለፍ ወሬ አይደለም። ከሥሩ ልጀምርላችሁ።

ከስፖርት አዳራሹ ምድር ቤት፣ ደረጃው ከሚነሣበት በስተግራ፣ አንዲት የልብስ ስፌት ቤት አለች። ሁለት የስፌት መኪና፣ አንድ ረጅም የመቁረጫ ጠረጴዛ፣ አንድ የመተኮሻ ጠረጴዛ፣ በግድግዳው ዙሪያ ቁጥር የተለጠፈባቸው መስቀያዎች፤ ከዚያ በኋላ የሚተርፈው ቦታ ለሁለት ሰው ጉልበት ብቻ ነው። መስኮቷ ከመንገዱ ጋር እኩል ስለሆነ በእሱ የሚታየው የሰው ጫማ ነው። የቤቱ ባለቤት ደንበኞቿን የምታውቃቸው በመልካቸው ሳይሆን በጫማቸው ነው። "ያ ቡናማ ጫማ መጣ፣ ሱሪውን አውርዱለት" ትላለች፤ ሰውየው በሩ ላይ ሲደርስ ሱሪው ተጣጥፎ ይጠብቀዋል።

ሰፈሩ "ባለመርፌዋ" ነው የሚላት። ነጭ ክር የተጠመጠመባት አንዲት መርፌ ከቀሚሷ ኮሌታ ተለይታ አታውቅምና። ሠርግ ብትሄድ መርፌዋ አብራት ትሄዳለች፤ ለቅሶ ብትሄድ አብራት ትቀመጣለች። አንዴ ሳል ይዟት ሐኪም ቤት ራጅ አንሥተዋት፣ ሐኪሙ ፊልሙን ወደ ብርሃን ይዞ ላብ በላብ ሆነ አሉ። ሃምሳ ሁለት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሠላሳ አንዱን ያሳለፈችው እግሯን የመኪናው መርገጫ ላይ አድርጋ ነው። አንድ የማትለቀው እምነት አላት፤ ሰው ላይ በልኩ ያልተቀመጠ ልብስ፣ ልብስ ሳይሆን መጋረጃ ነው ትላለች። ትከሻው የወረደ ኮት የለበሰ ሰው ካየች እንዲሁ አታሳልፈውም። አንድ ቀን የማታውቀውን ሰው መንገድ ላይ አስቁማ፣ የኮቱን ጀርባ በእጇ ሰብስባ፣ እዚህ ጋ ሁለት ጣት ብትጠብ ሌላ ሰው ትሆናለህ ብላው፣ ያ ሰው እስከ ዛሬ ደንበኛዋ ነው። ቡናማ ጫማ ያልኳችሁ እሱ ነው።

ካውያውን የያዘው ታላቅ ወንድሟ ነው። ወደ ስልሳው ተጠግቷል፤ በወጣትነቱ ቦክሰኛ ነበር። ከመቀሱ ጎን የተሰቀለው ቆዳው የተሰነጣጠቀ ጓንት የእሱ ነው። እሱን ደግሞ "ሦስት ዙር" ይሉታል፤ ምንም ነገር ሲያወራ በሦስት ዙር ከፋፍሎ ስለሆነ። ስለተነቀለ ጥርሱ እንኳ ሲያወራ "አንደኛው ዙር ላይ ሐኪሙ በልጦኝ ነበር" ብሎ ነው የሚጀምረው። የእህቱ ባል፣ አንዲት ልጃቸው ሦስት ዓመት ሳይሞላት ሲሞት፣ ሦስት ዙር መጥቶ ካውያውን ያዘና ከዚያ ጠረጴዛ ኋላ ቆመ፤ እንደቆመ ቀረ። ልጅቱን ትምህርት ቤት ያደረሰ እሱ፣ ብስክሌት ላይ አውጥቶ ከኋላ እየሮጠ የደገፈ እሱ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ ከሁሉ ፊት ተቀምጦ መምህራኑን ያፋጠጠ እሱ። ስለዚህ የእሱ ቃል በዚያ ቤት ውስጥ ከባድ ነው።

ችግሩ አንድ ነበር። ልጅቱ ያደገችው አዳራሹ ሥር ነው፤ ከጣሪያው በላይ ሰው ድብ እያለ ሲወድቅ እየሰማች። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላት ደረጃውን ወጣች፤ አጎቷ ጓንቱን ከግድግዳው አውርዶ እያበሰ የቦክስ ክፍል ትገባለች ብሎ ሲጠብቅ፣ እሷ ፊት ለፊት ያለውን የጁዶውን በር ከፈተች። ጓንቱ ወደ ግድግዳው ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ ሰባት ዓመት አለፈ፤ ልጅቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት፣ ከበሩ ጉበን ጎንበስ ብላ የምታልፍ ረጅም ሴት ሆነች፤ አጎቷ ግን አንድ ቀን ደረጃውን ወጥቶ አላያትም። አይወዳትም አይባልም፤ ቁርሷን በልታ እንደሆነ ሳይጠይቅ አይውልም። ለእሱ ጁዶ ድብድብ አይደለም፤ ድብድብ ያልሆነ ነገር ደግሞ አይታይም፤ አለቀ።

ክርክሩ የሚጀመረው ከሰዓት በኋላ፣ ከላይ ልምምድ ሲያበቃና ስፖርተኞቹ የተቀደደውን ይዘው ሲወርዱ ነው። ሦስት ዙር ካውያውን ከፍ አድርጎ ይፈርዳል። ካራቴዎቹን ከነፋስ ጋር ቂም የያዙ ናቸው ይላቸዋል። የትግል ተጫዋቾቹን፣ ሁለት ሰው በአንድ ጠባብ አልጋ ላይ ቦታ ሲሻማ ይመስላሉ ይላቸዋል። በጎራዴ የሚጫወቱትን ደግሞ፣ አንዱ ሌላውን ሲነካ አምፖል የሚበራበት ነገር የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሥራ ነው ብሎ ያሰናብታቸዋል። የቴኳንዶው አስተማሪ፣ ቀልጣፋ፣ አፈ ጮሌ ሰው ነው፣ እግር ከእጅ ይረዝማልና አንተ እኔ ጋ ሳትደርስ እኔ አንተ ጋ ደርሻለሁ ብሎ ሲሟገተው፣ ከጠብ መሃል አንድ እግሩን ሰቅሎ የሚቆም ወፍ ብቻ ነው ብሎ አፉን አስያዘው። ጁዶን ሲያነሡበት ድምፁን ቀንሶ ነው የሚናገረው፤ የእህቱ ልጅ ናትና። ግን ይናገራል። ኮሌታ ለኮሌታ ተያይዞ መጓተት አውቶቡስ ወረፋ ላይም አለ ይላል።

የጁዶው አሰልጣኝ ዝምተኛ ነው። ብዙ ጊዜ ፈገግ ብሎ ይወጣል። አንድ ቀን ብቻ በሩ ላይ ቆም አለና፣ "ጋሼ፣ የእርስዎ ዳኛ ሲወድቁ እስከ አሥር ይቆጥርልዎታል። እኛ ጋ የሚመታዎት መሬቱ ራሱ ነው፤ እሱ ደግሞ መቁጠር አያውቅም" አለው። ሦስት ዙር የተተኮሰ ሸሚዝ ደግሞ ተኮሰ።

ባለመርፌዋ ከክርክሩ ትርቃለች። እሷ የምታውቀው የሚወርድላትን ልብስ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ግን ሲበዛባት ከመቀመጫዋ ተነሣች፤ የመቁረጫ ጠረጴዛውን ጠረገችና የየክፍሉን ልብስ አንድ በአንድ ዘረጋች። ይኸውላችሁ የቦክስ ቁምጣ፤ አሥር ዓመት ሙሉ የላላው ላስቲኩ ብቻ ነው። ይኸው የካራቴ፤ አጥባችሁ ብትመልሱት አዲስ ነው። ይኸው የቴኳንዶ ሱሪ፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ነው የሚቀደደው፣ ቦታውን አልናገርም። አስተማሪው ጣሪያውን አየ። በመጨረሻ የጁዶውን ጃኬት ጣለችው፤ ጨርቁ እንደ ፍራሽ የወፈረ፣ ኮሌታው ሁለት ቦታ የተሰነጠቀ፣ ብብቱ የተተረተረ፣ አንድ እጅጌው በክር የተንጠለጠለ።

"እኔ ድብድብ አላውቅም" አለች። "ልብስ ግን አውቃለሁ። የትኛው ልብስ ነው ከጠብ የመጣ የሚመስለው?"

"ቡጢ ልብስ አይመታም" አለ ወንድሟ። "የሚመታው ፊት ነው። ፊት ሰፍተሽ ታውቂያለሽ?"

"የአንተን አምጥተውልኝ ቢሆን አሁን ካለበት አሳምሬ እሰፋው ነበር።"

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የቴኳንዶው አስተማሪ እንጥሉ እስኪታይ ሳቀ፤ የሱሪውንም ነገር ረሳው። ሦስት ዙር ግን በሳቅ መሸነፍ አይወድም፤ ጃኬቱን በሁለት ጣት አንሥቶ አየና፣ ይሄ ከጥንካሬ የተነሣ ሳይሆን ከስፌቱ ነው የተቀደደው፣ ክሩ አይረባም አለ።

ስፌቱ! ሠላሳ አንድ ዓመት! ባለመርፌዋ ልብሶቹን አንድ በአንድ መልሳ ሰቀለቻቸው። ወንድሟ ከአፉ እንደወጣ ቆጨው፤ ቆጨኝ ማለት ግን በየትኛው ዙር እንደሚገባ አላወቀም።

ከዚያ በኋላ ባለው ወር ነው ነገሩ የመጣው። የአገሩ የጁዶ ቡድን ሊመረጥ ሆነ፤ በልጅቱ የክብደት ሚዛን ሁለት ሴቶች ብቻ ቀርተዋል፤ እሷና ያለፈው ዓመት አሸናፊ። አንዲት ግጥሚያ ተጋጥመው ያሸነፈችው ትገባለች፤ የተሸነፈችው ደግሞ ሌላ ምርጫ እስኪመጣ አራት ዓመት ትጠብቃለች። የልጅቱ አሮጌ ጃኬት ከመጠገን ብዛት ጨርቁ ክር መያዝ አቅቶታል። የክለቡ ጃኬቶች ደግሞ እሷ ላይ ሲውሉ እጅጌያቸው ከክርኗ ብዙም አይወርድም። እናትየው ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣለችና፣ ይሄን እኔ እሰፋዋለሁ አለች። ሰፋችውም። ወፍራሙን ጨርቅ ሦስት ጊዜ አጥባ አስኮማተረችው፣ ክሩን ድርብ አደረገች፣ ብብቱን አራት መስመር ሄደችበት። ወንድሟ እያየ ነበር፤ እሷም እያየ እንደሆነ እያየች ነበር።

እዚህ ጋ ነው ስሕተቱ፣ ልብስ ሰፊ ብቻ የሚሠራው ስሕተት። ባለመርፌዋ ሰባት ዓመት ሙሉ የጁዶ ጃኬት ስትጠግን አንድ ነገር ሲያንገበግባት ኖሯል። እነዚያ ጃኬቶች እጅጌያቸው እንደ ከረጢት ሰፊ ነው። ይሄን የቆረጠ ሰው ዓይን የለውም እያለች የማታውቀውን ቆራጭ ስትረግም ኖራለች። ለምን ሰፋ ብላ ግን አንድ ቀን አልጠየቀችም፤ የሥራ ጉድለት ምን ይጠየቃል? ልጅቱ ጃኬቱን ገና በጊዜያዊ ስፌት እንደተያያዘ ለክታ፣ እማ፣ ልክ ነው፣ እንዳለ ተይው ብላ ነበር። እናት ደግሞ ልጄ እንዳልደክም ብላ ነው አለች። በምርጫው ዋዜማ ከሰዓት በኋላ፣ ልጅቱ እግሯን ልታሳርፍ ወደ ቤት ስትሄድ፣ ባለመርፌዋ በሩን ዘጋችና ሁለቱንም እጅጌ በሁለት በሁለት ጣት አጠበበቻቸው። እንደ ልማዷ ትርፉን ጨርቅ ሳትቆርጥ ወደ ውስጥ አጠፈችው። ሦስት ዙርም ድርሻውን ተወጣ፤ ጨዋታም ቢሆን ተኩስ ይገባዋል ብሎ እጅጌውን በካውያ እንደ ቢላ ስለት አሳለው።

ልጅቱ ለሚዛን ማልዳ ከአሰልጣኟ ጋር ሄደች። ጃኬቱን የሚያደርሱላት እናቷና አጎቷ ናቸው። ሦስት ዙር ልብሱን ለማድረስ ብቻ ነው የምመጣው፣ ውጭ እቀመጣለሁ ብሎ ወጣ፤ ግን አዲሱን ሸሚዙን ለብሶ ነበር።

ምርጫው የሚካሄደው ከተማው ማዶ ባለ ሌላ አዳራሽ ነው፤ አዳራሹ ሰፊ ነው፤ መሃሉ ላይ ምንጣፍ፣ ዙሪያውን ወንበር፣ መግቢያው ላይ አንድ ጠረጴዛ። ከጠረጴዛው ኋላ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ የሰቀሉ ሽማግሌ ተቀምጠዋል፤ በእጃቸው ጠፍጣፋ እንጨት ይዘዋል። ወደ ምንጣፉ የሚገባ ሁሉ መጀመሪያ እሳቸው ፊት ቆሞ ክንዱን ይዘረጋል፤ ሽማግሌው እንጨቱን በእጅጌውና በክንዱ መሃል ያሾልኩትና ያሳልፉታል። ልጅቱ ጃኬቱን ለብሳ ብቅ አለች። ባለመርፌዋ ደረቷ ሞላ፤ በዚያ ሁሉ መጋረጃ መሃል አንድ ልብስ ቆሟል።

ሽማግሌው እንጨቱን ከተቱ። አልገባም። በሌላው እጅ ሞከሩ። አልገባም። መነጽራቸውን ወደ ዓይናቸው አወረዱት።

"ይሄ አያልፍም" አሉ።

አሰልጣኙ ወዲያና ወዲህ ሮጦ ሦስት ጃኬት አመጣ፤ ሦስቱም ክርኗ ላይ ቆሙ፤ አጭርም አያልፍም። ሽማግሌው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የእሷ ግጥሚያ ስድስተኛ ነው፣ ስሟ እስኪጠራ የሚያልፍ ልብስ ከለበሰች ትገባለች፣ ካልለበሰች ሌላዋ አሸነፈች ማለት ነው አሉ። ምንጣፉ ላይ የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እጅ ነሥተው ተያያዙ።

ባለመርፌዋ ላይ ሰማይ ተደፋባት። ምላሷ ግን ሰባት ዓመት የዘለለውን ጥያቄ አሁን ጠየቀ።

"አባቴ፣ ለምንድን ነው የሚሰፋው?"

"እመቤቴ፣ ሌላኛዋ የምትይዘው እንድታገኝ ነዋ።"

"ልትጥላት ለመጣችው ሴት መያዣ ይዛላት ትገባለች?"

"ሁለቱም ይዘው ይገባሉ" አሉ ሽማግሌው። "እንዳልያዝ ብሎ እጅጌ አጥብቦ መምጣት እኛ ጋ ፍርሃት ነው።"

ውጭ እቀመጣለሁ ያለው ሦስት ዙር ከእህቱ ኋላ ቆሞ ነበር። ሰማ።

ያልተደናገጠችው ልጅቱ ብቻ ናት። ቀበቶዋን ፈታ ጃኬቱን አወለቀችና እናቷ ክንድ ላይ አደረገችው። "እማ፣ ትርፍ ትተሻል አይደል?"

"ሁለት ሁለት ጣት።"

"ታዲያ ምን ቆመናል?"

ባለመርፌዋ እጇን ወደ ኮሌታዋ ሰደደች፤ መርፌዋ አለች። ስፌቱን የሚፈታ ምላጭ ግን የለም። አሰልጣኙ ምላጭ ፍለጋ ሲበር፣ ሦስት ዙር እጅጌውን ነጠቃት። አምጪው፣ ስፌት ለመቅደድ ምላጭ ምን ያደርጋል አለ። የራሱን ሸሚዝ እጅጌ ሰበሰበና በእነዚያ ሰው በጣሉ እጆቹ ግራና ቀኝ ጎተተ። ስፌቱ ዝም አለው። ትንፋሹን ሰብስቦ ደገመ፤ የአንገቱ ሥር ገመድ አከለ፤ ስፌቱ ዝም አለው። ሦስተኛው ላይ ጨርቁን ጉልበቱ ሥር አድርጎ ወደ ኋላ ተለጠጠ፤ የተቀደደው የራሱ ሸሚዝ ነው፣ ከብብቱ ሥር።

ቆመ። ስፌቱን አየ። ቀና ብሎ ምንጣፉ ላይ ኮሌታ ለኮሌታ ተያይዘው የሚናጡትን ሴቶች አየ። ከዚያ የእህቱን ልጅ አየ።

"እንዲህ ያለውን ነው እናንተ የምትቀድዱት?"

"በየሳምንቱ፣ አጎቴ።"

አሰልጣኙ የሚጎዳ ሰው ቢኖር ብላ ዳር ከተቀመጠችው ነርስ ምላጭ ይዞ ደረሰ። ባለመርፌዋ መሬት ላይ ተቀመጠችና ስፌቱን ፈታች፤ ሁለተኛው ግጥሚያ አለቀ። ጠረጴዛ የለም፤ ወንድሟ ፊት ለፊቷ ተንበርክኮ ጨርቁን በሁለት እጁ ወጥሮ ያዘላት፤ ያ እጅ እንደ መኪና ብረት ጨርቁን ቀጥ አድርጎ ያዘ። ወጋች፣ ሳበች፣ መልሳ ወጋች፤ ሦስተኛው አለቀ፤ የቀኙ እጅጌም አለቀ። ከእሱ ጋር ግን ክሩም አለቀ። ኮሌታዋን ዳበሰች፤ ምንም የለም። ቀና ስትል ነርሷ ቆማለች፤ ቦርሳዋን ከፍታ አንድ የታሸገ ነገር ዘረጋችላት። ቁስል የሚሰፋበት ክር ነው፤ ከሁሉ ይጠነክራል አለቻት።

ባለመርፌዋ ክሩን በራሷ መርፌ እየሰካች ወንድሟን በዓይኗ ጠቀሰችው። "የፊት ክር ደረሰልን" አለችው።

ሦስት ዙር ጨርቁን ይበልጥ ወጠረው። "ስፊው፣ እህቴ" አለ። "ስለ ስፌትሽ ያልኩትን እንዳላልኩት ቁጠሪው።"

አምስተኛው ሲያልቅ የመጨረሻውን ክር በጥርሷ በጠሰች። ልጅቱ ለበሰች፣ ክንዷን ዘረጋች፤ እንጨቱ ገባ፣ እስከ ትከሻዋ ድረስ ሳይነካ ሄደ። ሽማግሌው እጅጌውን ገልበጥ አድርገው የውስጡን ስፌት አዩ፤ መነጽራቸውን አውልቀው ደግመው አዩ። "ማነው ያስተማረዎት?" አሉ። መልስ ሳይጠብቁ "አልፏል" ብለው ጮኹ።

ግጥሚያውን በወሬ መጨረስ አይቻልም፤ ግን ልሞክር። ያለፈው ዓመት አሸናፊ አጭር፣ ወገቧ እንደ ግንድ የጠነከረ ሴት ናት። እንደተያያዙ ግራውን እጅጌ አገኘችው፣ የፊት ክሩን። ባለመርፌዋ ልጇን አይደለም የምታየው፤ ስፌቱን ነው። ስፌቱ ተሳበ፣ ተጠመዘዘ፣ ተነጨ። ያዘ። ሴትዮዋ እጅጌውን አልለቅም ብላ ሙሉ ክብደቷን ይዛ ገፋች፤ ልጅቱ አልተቃወመቻትም፤ በዚያው በተያዘው እጇ አብራት ወደ ኋላ ሄደችና ድንገት ዞራ ከሥሯ ገባች። ያ ረጅም ሰውነት ጎንበስ አለ፤ አጭሯ ሴት በላዩ ተሻገረች። ድብ!

ሦስት ዙር ተነሥቶ ቆመ። ያን ሁሉ ዓመት ከራሱ በላይ የሰማው ድምፅ ነው፤ ካውያውን ይዞ፣ ጣሪያውን አቧራ አራገፈብን ብሎ ሲያማርር የኖረው። ዳኛው እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ሙሉ ድል ማለት ነው፣ አለቀ። ልጅቱ የወደቀችውን ሴት እጇን ይዛ አነሣቻት፤ ከዚያ ዞር ብላ ወደ ወንበሮቹ አየች፤ መጀመሪያ ያየችው እናቷን አይደለም። አጎቷ ብብቱ በተቀደደ ሸሚዝ እጁን ከጭንቅላቱ በላይ አድርጎ ያጨበጭብ ነበር።

በማግስቱ ስፌት ቤቱ ሞላ። ሦስት ዙር በሦስት ዙር ነገራቸው፤ አንደኛው ዙር ላይ እጅጌው በልጦን ነበር ብሎ። ሲጨርስ ካውያውን አነሣና ፍርዱን አሻሻለ። ቡጢ ድብድብ ነው፣ ጁዶም ድብድብ ነው፣ እንዲያውም መያዣ ሰጥቶ መግባት ቡጢ ጋ የሌለ ድፍረት ነው፤ የቀረው ጨዋታ ነው አለ። የቴኳንዶው አስተማሪ ዝርዝሩ አንዴ ከተከፈተማ እኛንም አስገባን ብሎ ለመነው፤ ሱሪህን መጀመሪያ አሰፋ ተባለ። ባለመርፌዋ ደግሞ ከመስቀያው አንድ አሮጌ ጃኬት አወረደች፤ ሰፊውን እጅጌ በመዳፏ እያለሰለሰች፣ ሰባት ዓመት የረገመችውን ቆራጭ ባለበት ይቅርታ ጠየቀችው።

እና ደብዳቤው! ልጅቱ ቡድኑ ውስጥ መግባቷን ያን ቀን ሁሉም አውቆታል፤ ዛሬ የተመረጠችው እናቷ ናት! ያን ቀን ከግጥሚያው በኋላ ባለመርፌዋ ትንፋሿን ለመሰብሰብ ከሽማግሌው ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጣ ነበር። ልማድ ነውና ወረፋ የቆሙትን ስታይ፣ ያችኛዋ ግራ እጅጌዋ አንድ ጣት ያጥራል፣ ከእሷ ኋላ ያለው ደግሞ ቀኙ ጠቧል አለች። ሽማግሌው በእንጨታቸው ለኩ። እንዳለችው ሆነ። እስከ ማምሻው አጠገባቸው አስቀመጧት፤ እንጨቱ ከዓይኗ አንድ ጊዜም አልቀደመም። ደብዳቤው የሚለው እንዲህ ነው፤ ከሚቀጥለው ውድድር ጀምሮ በልብስ መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ የሚቀመጡት፣ መለኪያውን የሚይዙት፣ አልፏል ወይም አያልፍም የሚሉት እሷ ናቸው። "እሷ ናቸው" ብዬ ልተወው፤ ከዛሬ ጀምሮ አንቱ ማለት ልለምድ ነው።

ወንድማቸው ደብዳቤውን ቆሞ አነበበው፤ ሲጨርስ እንደገና አነበበው፤ ሦስተኛውንማ እኛም በቃላችን ይዘነው ስለነበር አብረን አልነው። ከዚያ ወደ ግድግዳው ሄዶ ጓንቱን ከመቀሱ ጎን ወደ ዳር ፈቀቅ አደረገና ለአንድ ጠፍጣፋ እንጨት የሚበቃ ቦታ አበጀ። ምስማሩን ራሱ መታ።

 ባለመርፌዋ መርፌያቸውን ከኮሌታቸው ነቅለዋል፤ አዲስ ክር አስገብተውባታል፣ የወንድማቸውን ሸሚዝ ብብት እየሰፉ ነው። ወንድማቸው፣ ከተቀደደ ጀምሮ ከእህቴ ስፌት በቀር አላስነካውም ብሎ አስቀምጦት ነበር።

ቆይ፣ በመስኮቱ የሚያልፈው ያ ቡናማ ጫማ አይደለም? ነው እንጂ! እሱ ገና አልሰማም፤ በሩን ሳያልፍ ልድረስበት!